አጥንት የማይነካው የአጥንት ሐኪም

አክስቴ የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ይዞ ደረጃ መውጣት የሰፈሩ ኑሮ ሲሆን፣ አምና በክረምት እርጥብ ደረጃ ላይ አዳልጧት በግራ እጇ መሬቱን ስትደገፍ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ከፎቅ አልወደቀችም፤ ከቆመችበት ነው የወደቀችው። መጀመሪያ ወጌሻ አያት፣ በማግስቱ ሆስፒታል ሄዳ ጀሶ ታሰረላት፣ በስድስት ሳምንትም ዳነች። ቤተሰቡ ነገሩ በዚያው አበቃ ብሎ ነበር።

ጀሶውን ያስፈታላት ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ግን ከዚህ በፊት የኩላሊት ጠጠር ይዟት ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ጊዜ ይዟት ነበር። ይህን ሲሰማ የደሟን ካልሲየም አስመረመረና 11.6 ሆኖ ተገኘ፤ ጤናማው መጠን በአብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። የሪፈር ወረቀቱ የተጻፈውም አጥንት ለሚጠግነው ሐኪም ሳይሆን ለኢንዶክሪኖሎጂስት፣ ማለትም ለሆርሞን ሐኪም ነበር። «እጇ ነው የተሰበረው፤ ስኳር የለባት፤ የስኳር ሐኪም ዘንድ ምን ትሠራለች?» አለ ባለቤቷ። ይህን ሐኪም ብዙ ሰው «የስኳር ዶክተር» ብሎ ስለሚያውቀው ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱው ነው።

አጥንትን ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ ቤት ምሰሶ ነው፤ አንዴ ከቆመ በኋላ እስኪሰበር ድረስ የማይለወጥ ግዑዝ ነገር ይመስለናል። አጥንት ግን ደም የሚዘዋወርበት፣ ዕለት ዕለት የሚፈርስና የሚሠራ ሕያው አካል ነው። አሮጌውን አጥንት እየቦረቦሩ የሚያነሡ ሴሎች አሉ፤ የተቦረቦረውን ቦታ በአዲስ አጥንት የሚሞሉ ሌሎች ሴሎች ደግሞ ከኋላ ይከተሏቸዋል፤ በዚህ ሁኔታ ከጎልማሳ ሰው አፅም በዓመት አሥር በመቶ ያህሉ ይታደሳል። ቦርባሪዎቹ መቼ እንዲፈጥኑ፣ ሞይዎቹ መቼ እንዲበረቱ የሚያዙት ሆርሞኖች ናቸው። የሴቶች ሆርሞን የሆነው ኢስትሮጅን ቦርባሪዎቹን ስለሚገታ፣ ሴት ካረጠች በኋላ ባሉት ዓመታት አጥንቷ በፍጥነት ይሳሳል። ከመጠን ያለፈ የታይሮይድ ሆርሞን መላውን ሥራ ያጣድፈዋል፤ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ሞይዎቹን ያዳክማል። በዚህ ዓይነት የሳሳ አጥንት ሲሰበር ስብራቱን ኦርቶፔዲክ ሐኪም ይጠግነዋል፤ ያሳሳውን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ግን የሆርሞን ሐኪሙ ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ አጥንትንና ሆርሞንን የሚያስተሳስራቸው ነገር ካልሲየም ነው። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የተቀመጠው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። በደም ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ልብም በሥርዓት የሚመታው በዚያች ጥቂት መጠን ስለሆነ ከፍም ዝቅም እንድትል አይፈቀድላትም። ነገሩ በጎተራና በማዕድ ይመሰላል። አጥንት ጎተራ ነው፣ ደም ደግሞ የዕለቱ ማዕድ። የጎተራውን ቁልፍ የያዙት አንገት ላይ ካለው ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የተለጠፉ፣ እያንዳንዳቸው የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ አራት ዕጢዎች ሲሆኑ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ትንሽ ሲጎድል ሆርሞናቸውን ይለቅቃሉ፤ ያም ሆርሞን ካልሲየምን ከአጥንት ያስወጣል፣ ኩላሊት ካልሲየምን በሽንት እንዳያባክን ያዝዛል፣ ቫይታሚን ዲን ለሥራ ያነቃና አንጀት ከምግብ አብዝቶ እንዲወስድ ያደርጋል። ማዕዱ ሲሞላ ደግሞ ዕጢዎቹ ዝም ማለት ይገባቸዋል።

እነዚህ ዕጢዎች ለዓለም የታወቁት ዘግይተው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሰው አካል ውስጥ ለይቶ የገለጻቸው በ1880 ኡፕሳላ ይማር የነበረው ስዊድናዊ ኢቫር ሳንድስትሮም ነው፤ ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን የአውራሪስ ሬሳ ሲመረምር አይቷቸው ነበር። «ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ ሥራ ላይ የዋለው በ1905 በእንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ በኧርነስት ስታርሊንግ ነው። ሙያው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚያሳየው ግን የአሜሪካዊው የመርከብ አዛዥ የቻርልስ ማርቴል ታሪክ ነው። ማርቴል አጥንቱ እየሳሳና እየተሰባበረ ከቁመቱ 18 ሴንቲሜትር ገደማ አጥቶ ነበር። ካልሲየሙ ከፍ ማለቱና ጥፋቱ የፓራታይሮይድ መሆኑ ከታወቀ በኋላም አንገቱ በተደጋጋሚ ቢከፈት ያበጠው ዕጢ አልተገኘም። የተገኘው በ1932 በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከቦታው ወርዶ ደረቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው የሞተው ብዙም ሳይቆይ በኩላሊት ጠጠር መዘዝ ነው። ይህን ሕመም በቦስተን ያጠኑት የነበሩት ፉለር ኦልብራይት ቆየት ብለው ከማረጥ በኋላ የሚመጣውን የአጥንት መሳሳት ከኢስትሮጅን መጉደል ጋር ያገናኙ ሐኪም ናቸው፤ ሆርሞንና አጥንት በአንድ ሐኪም እጅ የመግባታቸው ታሪክ ከእሳቸው ስም ጋር የተያያዘ ነው።

አክስቴ የሆርሞን ክሊኒኩ ቀጠሮ ሲደርስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ወጥታ፣ በሦስት ታክሲ መሐል ከተማ ገብታ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፋ ሐኪሟ ዘንድ የደረሰችው ረፋድ ላይ ነው፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሟ አርባ ዓመት የማይሞላት ሴት ስትሆን ወረቀቱን ከማየቷ በፊት አክስቴን አስቆመቻትና ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እማማ፣ የድሮ ቀሚስዎ አሁን ሲለብሱት መሬት ይጎትታል?» አለቻት። አክስቴ ደንግጣ «በምን አወቅሽ ልጄ? ለጥምቀት የምለብሰውን ሁለት ጊዜ ጫፉን አሳጥፌዋለሁ» አለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የጀርባ አጥንት ያለ ብዙ ሕመም እየተጨፈለቀ ሲሄድ ሰው ያጥራል። የወጣትነት ቁመቱን በሴንቲሜትር የሚያስታውስ ሰው እምብዛም ስለሌለ ቀሚስ የቁመት መዝገብ ሆኖ ያገለግላል።

ቀጥሎ የመጣው የቁጥሮች ጉዳይ ነው። ስለ ሙያው አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምመርጠውም ይህንኑ ነው። ከቀጠሮው በፊት ካልሲየሙ እንዲደገም ስለታዘዘ ለቤታችን ቀረብ ባለ አንድ ላብራቶሪ አስደግመነው፣ ውጤቱ 2.9 ብሎ መጣ። ከ11.6 ወደ 2.9 መውረዱን አይተን እልል ልንል ምንም አልቀረንም ነበር። ሐኪሟ ፈገግ ብላ የመለኪያውን ስያሜ አሳየችን፤ ያኛው ላብራቶሪ የሚለካው በሚሊሞል በሊትር ስለሆነ 2.9 ማለት ያው 11.6 ነው። ከዚያ የፓራታይሮይድ ሆርሞኑን ውጤት ተመለከተች። 58 ነው፤ ጤናማው ከ15 እስከ 65። የአክስቴ ባለቤት በስልክ «ታዲያ ኖርማል ነው ተብሎ ተጽፏል» አለ። እሷም እንዲህ ስትል መለሰች፦ «ካልሲየሙ እንዲህ ከፍ ብሎ ሳለ ይህ ዕጢ መተኛት ነበረበት። ጎተራው እየጎደለ፣ ማዕዱ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ቁልፍ ያዡ አሁንም እየዛቀ ነው። ለሌላ ሰው ጤናማ የሆነው 58 ለእሳቸው በሽታ ነው።»

የሆርሞን ሐኪም ዓመታት ፈጅቶ የሚማረው ዋናው ጥበብ ይኸው ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻውን አይነበብም። እያንዳንዱ ዕጢ የሚያዝዘውና የሚታዘዝለት ስላለ አንዱ ሲወጣ ሌላው መውረድ አለበት፤ ሐኪሙም የሚጠይቀው ሁለቱ እየተደማመጡ ስለመሆናቸው ነው። ካልሲየሙ ከፍ ብሎ የፓራታይሮይድ ሆርሞኑ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ወደ ሌላ ያመራ ነበር፦ ወደ ካንሰር፣ ወደ ሳንባ ነቀርሳ፣ አለዚያም ከልክ በላይ ወደተወሰደ ቫይታሚን ዲ። ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ጉዳት የማያስከትል በዘር የሚወረስ ሁኔታም አለ፤ ያ ያለበት ሰው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። እሱን ለመለየት የ24 ሰዓት ሽንት መሰብሰብ ነበረብን፤ አክስቴ ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ፕላስቲክ በፌስታል ሸፍና ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትሄድ «ምን ይዘሻል?» ያላትን ጎረቤት «ጠላ» ብላ መለሰችለት። ደም ሲቀዳም ክንድ ላይ የሚታሰረው ጎማ ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ከቆየ የካልሲየሙን ውጤት ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል ሐኪሟ በማዘዣው ጥግ ላይ «ጎማው ቶሎ ይላላ» ብላ በእጇ ጽፋለች። ለሌላ ሰው ጥቃቅን የሚመስለው ይህ ሁሉ፣ አንገት ይከፈት አይከፈት የሚለው የሚወሰንበት ነገር ነው።

በዚህ ክሊኒክ በር ላይ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው የመጣው በእርግጥም በስኳር ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ ባለበት እንስራ ውስጥ እንዴት እንደሚያቆይ ማስተማር የዚህ ሐኪም ሥራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የታይሮይድ ሕመም ይመጣል። እንቅርት በደጋው አገር የቆየ ችግር ሲሆን ዋና መንስኤው የአዮዲን እጥረት ነው፤ ከ1998ቱ ጦርነት በፊት በኤርትራ ወደቦች በኩል ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ገበያውን የሞላው የአፋር ጨው ግን ለዓመታት ሳይጨመርበት ተሽጧል። በ2011 ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ በደንብ ግዴታ ሆኗል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ የምፈልገው የሚጠበቀውና የሚገኘው በማይገጥሙባቸው በሦስት ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ የከበበ፣ ሆዷ ላይ ሐምራዊ ሰንበር የወጣባት ወጣት ናት። መልኳ ኮርቲዞል በዝቶባታል ያሰኛል፤ ደሟ ሲመረመር ግን ኮርቲዞል ከናካቴው የለም ለማለት ይቀርባል። እንቆቅልሹ የሚፈታው ሐኪሙ «የሚቀቡት ወይም የሚውጡት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ፊት ለማቅላት የሚሸጥ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም፣ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ ያለ ማዘዣ የተገዛ ክኒን የኮርቲዞልን ሥራ ከውጭ ስለሚተካ የገዛ ዕጢዋ እንቅልፍ ወስዶታል። መድኃኒቱ አጥንቷን እያሳሳው ነው፤ በአንድ ቀን ብታቆመው ደግሞ ዕጢው ስላልነቃ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚቆመው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ክትትል ነው።

ሁለተኛው ከስምጥ ሸለቆ የመጣ፣ ወገቡ አልታጠፍ ያለ ሽማግሌ ነው። የአጥንት እፍጋት መለኪያው ማሽን የሚሰጠው ቁጥር ከወጣት አጥንት ጋር የሚነጻጸር ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መለኪያ ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት ይባላል። የሽማግሌው ቁጥር ከወጣቱም በላይ ነው። ማሽኑ ብቻ ቢጠየቅ «ብረት የመሰለ አጥንት» ይላል። ነገር ግን ሰውየው ዕድሜውን የጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው፤ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ለረጅም ዓመታት በሠሩ ሰዎች ላይ በሰፊው የታየው ይኸው ጉዳት ነው። ፍሎራይድ አጥንቱን ያወፍረዋል እንጂ አያጠነክረውም፤ ጅማቶቹንም ወደ አጥንትነት እየለወጠ አከርካሪውን ያደርቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ሦስተኛው ሕፃን ነው፤ ልቤን የሚነካውም የእሱ ጉዳይ ነው። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» እየተባለ በሚጠራ አገር፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ፣ እግሩ የተንጋደደ፣ የጎድን አጥንቱ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ያበጠ ልጅ መገኘት አልነበረበትም። ይህ ሪኬትስ ነው፤ ቫይታሚን ዲ አጥሮት አጥንቱ ሳይጠነክር የቀረ ልጅ ሕመም። ቆዳ ቫይታሚን ዲን የሚሠራው በፀሐይ ጨረር ነው፤ ከዚያ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ተለውጦ ሆርሞን ይሆናል። ልጁ ብርድ እንዳይመታው፣ ምች እንዳያገኘው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት ከዋለ ግን ፀሐዩ ለጎረቤት ነው። በመስኮት መስተዋት በኩል የገባ ፀሐይም ለዚህ አይጠቅምም፤ ተፈላጊውን ጨረር መስተዋቱ ያስቀረዋል። ጉዳቱ በእግር መንጋደድ ብቻ አያበቃም። በአዲስ አበባ በቀድሞው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራና በ1997 የታተመ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር ሲያነጻጽር፣ ሪኬትስ ከታማሚዎቹ በ210ሩ፣ ከሌሎቹ ግን በ20ው ብቻ ላይ ተገኝቷል። የለሰለሰ ደረት እንደሚገባው መተንፈስም ማሳልም አይችልም። በከተማዋ ዳርቻ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች በስፋት ከተሠሩ ወዲህ፣ ሞግዚት አራተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግታ የምታሳድገውን ልጅ ባየሁ ቁጥር እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ትዝ ይሉኛል።

ወደዚህ ሙያ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። የሕክምና ትምህርቱ ከኢንተርንነት ጋር ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ ብዙዎቹ በየክልሉ ሆስፒታሎች በጠቅላላ ሐኪምነት ያገለግላሉ፤ ቀጥሎ ሦስት ዓመት ገደማ በሚፈጅ የሬዚደንት ሥልጠና የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይሆናሉ፤ ሰብ ስፔሻሊቲው ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሕፃናትን የሚያክመው በሕፃናት ሕክምና በኩል ይመጣል፤ በ2008 ናይሮቢ ላይ የተከፈተው የአፍሪካ የሕፃናት ኢንዶክሪን ማሠልጠኛ ማዕከል ለ18 ወራት ካሠለጠናቸው መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ሙያውን የሚመርጡት ብዙ ላለመሆናቸው ከርዝመቱ ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ልብ ሐኪሙ ቱቦ ያስገባል፣ ቀዶ ሐኪሙ ይቆርጣል፣ የአንጀት ሐኪሙም ካሜራ ይዞ ይገባል፤ የግል ሆስፒታልም ለዚህ ለእያንዳንዱ ያስከፍላል። የሆርሞን ሐኪም ግን ከስስ መርፌ በቀር እጁ ላይ ብዙ መሣሪያ የለም፤ የሚሸጠው ሐሳብ ነው፣ ለሐሳብ ደግሞ የካርድ ዋጋ ብቻ ነው የሚከፈለው። በአንጻሩ በሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስባቸው ጊዜያት ከሌሎቹ ያነሱ ናቸው፤ ሕመምተኛውንም ለአሥርና ለሃያ ዓመት ስለሚከታተለው የልጆቹን ስም ሳይቀር ያውቃል።

የአክስቴ ነገር ከሽንቱ ምርመራ በኋላ ተለየ። ከአራቱ ዕጢዎች አንዱ አብጦ ነበር። በዚህ ሕመም ከአከርካሪው ይልቅ የክንድ አጥንት አብዝቶ ስለሚሳሳ እፍጋቱ በክንዷም ተለክቶ ነበር፤ አንጓዋ በዚያች በትንሽ ውድቀት የመሰበሩ ምሥጢርም ይኸው ነው። ያበጠውን ዕጢ ያወጣው ሌላ እጅ ነው፤ ሐኪሟ ቢላ አትይዝም። የእሷ ሥራ እንደገና የጀመረው በማግስቱ ነው። ለዓመታት ሲዘረፍ የኖረ ጎተራ ዘራፊው ሲወገድለት ከደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በስስት ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ ሐኪሞቹም ራሳቸው «የተራበ አጥንት» ይሉታል። አክስቴ ከንፈሯ ዙሪያ ሲነዝራት፣ የጣቶቿም ጫፍ ሲደነዝዝ አስቀድሞ ተነግሯት ስለነበር አልፈራችም፤ የካልሲየም ክኒኑ መጠን ተጨመረላትና በጥቂት ቀን ለቀቃት።

ባለፈው ወር ለክትትል ስንሄድ ሐኪሟ ጫማ አስወልቃ ከግድግዳው ጋር አስጠጋቻትና በእርሳስ ምልክት አደረገች። ካልሲየሙ 9.4 ነው። ቁመቷ ካምናው አልተለወጠም፤ የጠፋው አልተመለሰም፣ ተጨማሪም አልጠፋም። «ቀሚሱስ?» አለቻት ሐኪሟ። «እንደነበረ ነው ልጄ» አለች አክስቴ፣ ጫማዋን እያጠለቀች፤ «ለጥምቀት እንዲሁ እለብሰዋለሁ»።